ወደ ግራ የሚታጠፉ ጉድጓዶች

የመምህር ሃታኖ ሬሳ የተገኘው ከጣራው የልብስ ማስጫ ሰገነት ሥር፣ ከመንገድ ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሲወድቅ ጎረቤት ሰምቷል። ቤት ውስጥ የነበረችው ልጁ ቺዙሩ ብቻ ስለሆነች፣ ኢንስፔክተር ኒሺና ረፋዱ ላይ ስትመጣ እሷን ፍለጋ እንደመጣች ቺዙሩ አልጠፋትም።

«ከአባትሽ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«ጨረቃ ሲስል ራቱን ይረሳል። በየቀኑ እንጣላለን።»

«‹አንድ ቀን እገፈትርሃለሁ› ብለሻል አሉ።»

«ማነው ያለው?»

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የአባቷ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ሚዙሺማ አንገቱን ደፋ። ቺዙሩ አጎቴ እያለችው ነው ያደገችው።

«ልጄ፣ መዋሸት አልችልም» አለ። «እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ሆኜ ክላቪየስን ስስል ነበር፤ ይኸው።»

ክላቪየስ በጨረቃ ላይ ያለ ሰፊ ጉድጓድ ነው። በስዕሉ ላይ ፀሐይ ገና ጠርዙን ነክታዋለች፤ ወለሉ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረው ወደ ግራ ይታጠፋሉ።

«እኔ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ» አለች የሟች እህት ኪኑኤ፣ ሳትጠየቅ። «ሃያ ሴቶች ራቁቴን አይተውኛል።»

ኒሺና ሰገነቱ ላይ ወጥታ በመምህሩ ቴሌስኮፕ የታች ሰፈሩን የቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሱቅ ማስታወቂያ ተመለከተች። ከዚያ ያንኑ ሱቅ በእሱም ቴሌስኮፕ ልታይ ወደ ሚዙሺማ ቤት ወረደች። ስትመለስ ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«መርማሪ ነሽ ወይስ አገር ጎብኚ?» አለቻት ኪኑኤ።

ኒሺና ሦስቱም እንዲቀመጡ አደረገች።

«በመምህሩ ቴሌስኮፕ የሱቁ ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ብቻ ይታያል። በእርስዎ ግን፣ አቶ ሚዙሺማ፣ ጫፉ ላይ መስታወት ስላለበት ግራና ቀኙ ይለዋወጣል።»

«እና?»

«እና በእርስዎ ቢሳል ኖሮ ጉድጓዶቹ ወደ ቀኝ ይታጠፉ ነበር። ወረቀቱን ማዞር አይጠቅምም፤ ግራ እጅ ቢያዞሩት ቀኝ አይሆንም። ፀሐይ ጠርዙን እንዲህ የነካችው ትናንት ማታ ነው፤ ራስዎም የትናንት ነው ብለዋል። የተሳለው ግን እዚህ ሰገነት ላይ ነው።»

«መስታወቱን አውልቄው ነበር።»

«ብሎኑ ዝጎ ተጣብቋል፤ ጣቴን ይጠይቁት። ቤትዎ የሰቀሏቸው የክላቪየስ ስዕሎችም ሁሉ ወደ ግራ ናቸው። በራሱ ቴሌስኮፕ ሲስል የኖረ ሰው ይህ አያመልጠውም። እርስዎ ስለው አያውቁም።»

«የእሱ የጨረቃ ስዕሎች መጽሐፍ በእኔ ስም ብቻ እንደሚወጣ ነገርኩት» አለ ሚዙሺማ። «ስዕሉን ከእጄ ሊነጥቅ መጣ። ገፋሁት። ቺዙሩ፣ እንደ ልጄ ነው እኮ የማይሽ።»

«ለዚህ ነው የመሰከርክብኝ?» አለችው። አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

ሰምቷታል። ፊቱን ያዞረው ግን ወደ ኒሺና ነበር።

«ካፖርቴን ልልበስ?»