ቃጫ ታጥቄ ግቤ በረሃ ስወርድ

ሰዎች ያን ጉዞ ሲያወሩ ከሰይዶ ይጀምራሉ። ሰይዶ እንዲህ ሆነ፣ ሰይዶ እንዲህ አለ። ገመዱን ማን ታጥቆት ነበር? ከፊት ማን ሄደ? እዚያ ላይ ሲደርሱ ወሬ ይቀይራሉ። እንግዲያው እኔው ጠይባ ልናገር።

ደርግ ወድቆ አገሩ ሲረጋጋ ሰይዶ ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ ስሙን ያስጻፈበት ሰሌዳ ተከለ። ለአረፋ ከመርካቶ የሚመጣውን እንግዳ ጠዋት ግቤ በረሃ ያወርዳል፣ የቆሙትን ድንጋዮችና ጉማሬውን ያሳያል፣ ማታ ይመልሳል። ያን መንገድ ያሳየነው እኔና ባሌ ነን፤ ከብት ይዘን ስንወርድ ከኋላችን የሚጎተት ጎረምሳ ነበር። አብረን እንሥራ ስለው በሰው ፊት ሳቀብኝ።

«አንቺን ማን ሊሸከምሽ ነው?» አለኝ።

በ1992 አረፋ መጋቢት ላይ ዋለ። በማግስቱ ከመርካቶ የመጣው የወንድሜ ልጅ ሳላሀዲን ሚስቱን ሰልሚያን ይዞ ወደ ሰይዶ ሊሄድ ሲነሳ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«የምወስዳችሁ እኔ ነኝ። ጉማሬ አሳይቼ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልመለስኳችሁ ስለ በረሃ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ከመለስኳችሁ ግን የመርካቶ ሰውህን ሁሉ ወደ እኔ ታመጣለህ።»

«አክስቴ፣ ጉልበትሽስ?»

«አፍህን ተውና ጫማህን እሰር!»

የቃጫ ገመድ ወገቤ ላይ ስጠመጥም አየና ሳቀ። «በሬ ልትጎትቺ ነው?»

«ያጋጠመኝን እጎትታለሁ። ሥጋ ይዛችሁ እንዳትወርዱ ብቻ።»

የተሳፈርንበት መኪና ከገደሉ አፋፍ አራግፎን ተመለሰ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ሙቀቱ የድስት ክዳን እንደተነሳ ፊታችንን ገረፈው። ጠጠሩ ከእግራችን ሥር እየከዳ ይንሸራተታል፤ እሾሁ ቀሚስ ይጎትታል። የሰልሚያ ጫማ ተረከዙ ተሰበረ። ሁለቱንም አውልቃ ወረወረቻቸውና ነጠላዋን ቀድዳ እግሯን ጠቀለለች። የዚያን ጊዜ ወደድኳት።

ከታች ድንጋዮቹ ቆመዋል፤ ቀያይ፣ አንዳንዱ ሰው የሚያክል፣ አንዳንዱ ከመስጊድ ሚናራ የሚረዝም። በመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ በር አለ። እዚያ ስንደርስ ዝንጀሮው ሁሉ ሞልቶት ጠበቀን። መሪው ጋማውን ነፍቶ ጥርሱን አሳየ። ዐይኑ ከሳላሀዲን ቦርሳ ላይ አልተነሳም። እኔም አሸተትኩ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ምንም።»

«ሳላሀዲን!»

«ትንሽ ክትፎ ናት… አረፋ እኮ ነው፣ አክስቴ!»

«ወርውራት!»

«ከነቆጮዋ?»

ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት ለቅሶ ቤት ነው። ቦርሳውን ነጠቅኩት፤ በኮባ የተጠቀለለውን አውጥቼ ቁልቁል አሽቀነጠርኩት። መንጋው እየጮኸ ተከተለው። እኛ በበሩ ሾልከን ሮጥን፤ ሳላሀዲን ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ አይቶታል።

ወንዙ ዳር ካለው ቋጥኝ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ጉማሬ ፀሐይ ስትከለል ከውሃ ወጥቶ ይግጣል፤ በደመና ቀን ሰው ወንዙ ዳር አይቀመጥም። ሰይዶ ግን ሁለት የመርካቶ ጎረምሶች ይዞ ሣሩ ላይ ተንጋሏል።

«ጠይባ! ማን አዝሎ አመጣሽ?»

ከኋላው ሣሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አንዲት ጉማሬ ግልገሏን አስከትላ እየጋጠች ነበር፤ እነሱ የተቀመጡት በእሷና በውሃው መካከል ነው።

«ወደ ድንጋዩ! ወደ ድንጋዩ ውጡ!»

ነጎድጓዱ ፈነዳ። ጉማሬዋ ደነበረችና ወደ ውሃዋ ዞረች። ጎረምሶቹ እኛ ወዳለንበት ቋጥኝ ዘለው ወጡ። ሰይዶ ከሥር ተንሸራቶ ወደቀ፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ሊነሳ ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ። መሬቱ ከእሷ ሩጫ የተነሳ ይንቀጠቀጣል።

ቃጫዬን ፈትቼ ወረወርኩለት።

«ከብብትህ ሥር እሰር!»

«ጠይባ፣ እግሬ…»

«በእግርህ አይደለም የምታስረው! እሰር!»

አሰረ። ተረከዜን ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰካሁና ጎተትኩ። ሰልሚያ ወገቤን ይዛ ጎተተች፤ ሳላሀዲንና ጎረምሶቹም ከኋላ ተደረደሩ። ገመዱ መዳፌን ላጠው፤ አልለቀቅኩም። ሰይዶ ወደ ላይ ሲነሳ ጉማሬዋ ከእግሩ ሥር እንደ ጭነት መኪና አለፈች። ከእግሩ የወለቀውን ጫማ ረግጣ ጭቃ ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ ውሃው ተከፈተና ዋጣት፤ ግልገሏም ተከትላ ገባች። ጥቂት ቆይተው ሁለቱም ጆሯቸውን እያራገፉ ብቅ አሉ።

«ይኸው ጉማሬ» አልኩ። «ማየት ፈልጋችሁ አልነበር?»

ሰልሚያ እስክታለቅስ ሳቀች።

ሰይዶ መርገጥ አልቻለም። ሳላሀዲን አዘለው። ዳገቱን በዚያው በድንጋዩ በር ስንወጣ እኔ ከፊት ነበርኩ፤ እንግዶቹ ሁሉ፣ የእሱም የእኔም፣ እኔ በረገጥኩበት ይረግጣሉ። ዝንጀሮዎቹ ቋጥኙ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ይልሳሉ። ሳላሀዲን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ከአፋፉ መኪና ይዘን ወልቂጤ ስንወርድ ደመናው ተገፎ ፀሐይዋ ገና ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ነበረች። መናኸሪያው በሙሉ አየ፤ ጠይባ ከፊት፣ ሰይዶ በሳላሀዲን ጀርባ ላይ። ሳላሀዲን ሰሌዳው ሥር አስቀመጠውና ላቡን ጠረገ።

ጠዋት ስወጣ ያን ሰሌዳ ላስነቅል ለራሴ ምዬ ነበር። አሁን ሰይዶ አንድ እግሩን ባዶ ዘርግቶ፣ ቃጫዬን ገና ከደረቱ ሳይፈታ፣ ቀና ብሎ ሲያየኝ መሐላዬ ጣዕሙ ጠፋ።

«ጠይባ፣ ነፍሴን አተረፍሽ» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«ገመዴን መልስ» አልኩት። «ነገ ደግሞ ቀለም ቀቢውን ጥራ። ፊደል ባላውቅም ሰልሚያ ቆማ ታነብልኛለች፣ እንዳታታልለኝ። ስምህን አታጥፋው፣ ይቆይ። የእኔን ግን ከላይ ጻፍ።»