የትንሿ ቁርስ

ሲተዋወቁ እሷ ተኝታ ነበር። ላውንደሪ ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ሸሚዝ ስትተኩስ ውላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ገና ከመቀመጧ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ፤ መውረጃዋም አለፋት። ሾፌሩ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ዞር ሲል አንዲት ልጅ መስኮቱን ተደግፋ ታንኮራፋለች።

«እህቴ፣ አውቶቡሱም ሊተኛ ነው» አላት።

ደንግጣ ተነሣች፤ ከዚያ ሳቀች። ያን ሳቅ ባያይ ኖሮ ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ ይገባ ነበር። ባዶውን አውቶቡስ አዙሮ እስከ ሰፈሯ አደረሳት፤ በማግስቱ አለቃው ጆሮው እስኪግል ተቆጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንቅልፌ» ይላታል፤ እሷም «ሾፌሩ» ትለዋለች። በዓመቱ ተጋቡ።

የመጀመሪያው ፅንስ በሦስተኛው ወር ወረደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። የሾፌሩ እናት ልጃቸውን ለብቻው ጠርተው፣ «ዕድሜህ እየነጎደ ነው፤ ሌላ ፈልግ» አሉት። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እንቅልፌ ጆሮ ደረሰ። እሱ ግን ለወራት የእናቱን ደጅ አልረገጠም።

ከሁለተኛው ኀዘን በኋላ ግራ እግሯ አበጠ። በመቆም ብዛት መስሏቸው በሙቅ ውሃ ሲዘፈዝፉት ሰነበቱ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ደሟ ተመረመረ፤ ከሦስት ወር በኋላም ተደገመ፤ በመጨረሻ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጠው አስረዷቸው።

«ከበሽታ ሊጠብቅሽ የሚገባው የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ ራስሽን ያጠቃል። በዚህ የተነሣ ደምሽ ያለ ቦታው ይረጋል። እንግዴ ልጁ ላይ ሲረጋ ደግሞ ፅንሱ ምግብም አየርም ያጣል።»

«መድኃኒት የለውም?» አለ ሾፌሩ።

«ከሥሩ የሚነቅለው የለም። ነገር ግን ከፀነሱ ጀምሮ ደም የሚያቀጥን መርፌ በየቀኑ ከአስፕሪን ጋር ከሚወስዱት ሴቶች ብዙዎቹ ይወልዳሉ።»

ሾፌሩ የሰማው «ብዙዎቹ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሲፀነስ የሚወጋት እሱ ሆነ። እሷ መርፌ ስታይ ላብ ያጠምቃታል። መሪ የለመደ ወፍራም ጣቱ መጀመሪያ መጀመሪያ ቀጭኗን መርፌ መያዝ ያቅተው ነበር፤ በኋላ ለመደ። ጧት ጧት ሥራ ከመግባቱ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል።

«የትንሿ ቁርስ ደርሷል» ይላታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን አቀረብክላት?»

«ትናንት የበላችውን ነዋ። ገና ሳትወለድ ምግብ ልታማርጥ ነው?»

ትስቃለች፤ ስትስቅ ይወጋታል። ሆዷ በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞላ። ለራሷ ቢሆን አንድ ቀን እንኳ አትችለውም ነበር። ለልጅ ነው ብላ ቻለችው።

ሰባተኛው ወር ላይ አንድ ጧት ትንሿ አልተንቀሳቀሰችም። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ልቧ ቆሞ ነበር። እንቅልፌ የሞተች ልጇን አምጣ ወለደች፤ ደምም ብዙ ፈሰሳት።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ ሐኪሟ ለሾፌሩ አንድ ከረጢት ሰጡት። «አርባ ሁለት መርፌ ነው። ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ለእሷ ከሁሉም የከፉ ናቸው። ደሙ ሳንባዋ ላይ ቢረጋ ላንደርስላት እንችላለን። አንድም ቀን እንዳታሳልፉ።»

በማግስቱ ጧት እንደ ልማዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ግራ ገባው። እንቅልፌ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች።

«ለማን ነው?»

«ለአንቺ ነዋ።»

«ይህን ሁሉ ወር የእሷ ነው ስትለኝ አልነበር? የምትበላው ሄዳለች። ጣለው።»

የገዛ ቀልዱ አፉን ዘጋው። ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት። በሁለተኛውም ቀን እምቢ አለች። ደውሎ ሲነግራቸው ሐኪሟ አምጣት ቢሉትም ከአልጋዋ አልነሣም አለች። «እናትህ ልክ ናቸው። ሌላ አግባ፤ እኔን ተወኝ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ሥራ ቀረ። አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ፊቷ ባለበት በኩል መሬት ላይ ተቀመጠ። ጡቷ ያጋተው ወተት ሸሚዟን አርሶት ነበር። አየውና ዓይኑን መለሰ።

«ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አላት። «ያን ቀን አንቺ ውስጥ ሆነሽ ነርሷ ትንሿን ጠቅልላ ኮሪደር ላይ አመጣችልኝ። ልያት አላልኩም። ‹ሚስቴስ?› ነው ያልኩት። ‹ተርፋለች› ስትለኝ…»

«ስትልህ ምን?»

«ደስ አለኝ። ልጄ ፊቴ ሞታ፣ እዚያው ቆሜ ደስ አለኝ።»

እንቅልፌ ቤት ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው።

«እንዴት አስቻለህ?»

«እኔ እንጃ። የትንሿ ቁርስ የምልሽ አንቺ እንድትችይው ብዬ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜም ስወጋሽ የምፈራው አንቺን እንዳላጣ ነበር።»

«ይቅር አልልህም።»

«አትበይኝ።»

«የምሬን ነው።»

«ይሁን። ብቻ ኖረሽ ተቀየሚኝ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሐኪም ቤት ያላለቀሰችውን ሁሉ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ አለቀሰች። ሲወጣላት ብርድ ልብሱን በገዛ እጇ ገለጠች። ሆዷ ላላ ብሎ ተኝቷል፤ ሰማያዊው ነጠብጣብ ገና አልጠፋም። ሾፌሩ ያልተወጋ ቦታ ፈልጎ ወጋት።

መድኃኒቱ የሚገፋው በቀስታ፣ እስከ አሥር እየተቆጠረ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ጀመረ። አምስት ላይ ሲደርስ ቆጠራው ተቋረጠ፤ እጁም ባለበት ቆመ።

«ስድስት» አለች እንቅልፌ። ጣቱ እንደገና መግፋት እስኪጀምር ጠበቀችውና፣ «ሰባት» አለች።