አሥር ጣሳ ዘር

ዝናቡ በአምስተኛው ሳምንት ቆመ። በቆሎው ጉልበት ላይ ደርሶ ነበር፤ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ገለባ ሆነ። ላሚቱ በፍየል ዋጋ ተሸጠች። አባት ሥራ ፍለጋ ከተማ ሄደ፤ አንዴ ደወለ፣ ሁለተኛ አልደወለም። ትምህርት ቤት ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። በመጨረሻ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን ቀቅሎ በላ። ዘሩን የበላ ቤት መጪውን ዓመት በልቷል።

የራዲዮ ቤትም ዘሩን በላ። ራዲዮ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ማንም ሳይከፍታት ታወራለች ብለው።

በዚያን ጊዜ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መጣች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ያላት የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ የስፌት መኪና ነው። ከራሷ ዘር ላይ አሥር ጣሳ ሰፍራ ለራዲዮ እናት ሰጠቻት። «ስታመርቺ ትመልሽልኛለሽ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። በተከታዩም ዓመት ዝናቡ ከዳ። የሁለቱም ቤት ዘር መሬት ውስጥ ቀረ። አሥሩ ጣሳ ሳይመለስ ዓመት ሞላው።

ከዚያ እርዳታው መጣ። እህል አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ለተመረጡ ሃያ ቤቶች።

በመጀመሪያው የክፍያ ቀን ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰለፈ። መዝጋቢው ከእጁ ታብሌት የማይለይ ወጣት ነው። ስም እየጠራ ያስፈርማል። በዚያ ክፉ ጊዜ የራዲዮ እናት እህል ስትለምነው በሩን የዘጋባት የወፍጮ ጠባቂ ተጠርቶ ወሰደ። የራዲዮ እናት ሰባተኛ ተጠራች። ሃያው አለቀ። መዝጋቢው ቦርሳውን መዝጋት ሲጀምር ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ልጄ፣ የእኔን ስም ዘለልከው።»

መዝጋቢው የታብሌቱን መስታወት በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። «እናት፣ እርስዎ የሉበትም። የተሻለ ኑሮ አላቸው ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ጎረቤት ነው። ማን እንዳለ አይነገርም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሰልፉ ዞረች። «መኪና አላት ብለውህ ይሆናላ» አለች። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «መኪናዬን የሚነዳት እግሬ ነው። ሰው በተራበበት አገር ደግሞ ማን ልብስ ያሰፋል?» ዓይኗ ከፊት ወደ ፊት ሄደ። «የበላችበትን ወጪት የሰበረችው የትኛዋ ናት?»

 ከራዲዮ ኋላ የቆመ የክፍሏ ልጅ «ራዲዮ፣ ዛሬ ባትሪ ጨረሽ እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«ዝም በል አንተ።»

ባትሪ አልጨረሰችም። የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለች።

ከሦስት ወር በፊት መዝጋቢው ቤታቸው መጥቶ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሲጠይቅ ቆየ። በመጨረሻ «ከጎረቤት ከእናንተ የተሻለ ኑሮ ያለው ማን ነው?» አለ። እናቷ መሬት መሬት አየች። ራዲዮ ግን ፈጥና መለሰች። «እትዬ ልብስ ሰፊዋ ናቸዋ! የሳቸው ቤት ሙሉ ነው። ለእኛም ዘር የሰጡን እሳቸው ናቸው።» ማመስገኗ ነበር። ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ሰው ነው ማለቷ ነበር። መዝጋቢው መስታወቱን ነካ ነካ አድርጎ «ጎበዝ» አላትና ሄደ። ያ መልስ ሰው እንደሚሰርዝ ማንም አልነገራት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራዲዮ ዛሬ አወቀችው።  ራሷን ጠላች፤ መዝጋቢውን ግን የበለጠ ጠላችው። የሰጠ ሀብታም ተባለ፣ በሩን የዘጋ ድሃ ተብሎ ወሰደ። ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ቤት ሲገቡ እናቷ ገንዘቡን ጨርቅ ላይ ዘርግታ ሦስት ቦታ ከፈለችው። ለዘር፣ ለፍየል፣ ለራዲዮ ጫማና ደብተር።

«እማዬ፣ የእትዬን አሥር ጣሳ እንክፈል።»

«እንከፍላለን።»

«መቼ?»

«ስናመርት። ቃላችን እንደዚያ ነው።»

«እሳቸው'ኮ የሚዘሩት የላቸውም። መዝሪያው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።»

«ስንሰጣት ካዩን ተርፏቸዋል ብለው ይሰርዙናል።»

«ይሰርዙን! የሰጠ ይሰረዛል አይደል ሕጉ?»

«አፍሽን ያዢ» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ያኔም ይሄው አፍሽ ነው ጉድ ያመጣው።»

 እናቷ ታውቃለች ማለት ነው። ከመጀመሪያው ታውቃለች።

«ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቶሽ ነበር?»

እናቷ ጨርቁን አጠፈችው።

«ታዲያ ለምን አላረምሽኝም? የሚዘሩትን ቀንሰው ነው የሰጡን፣ ቤታቸው ባዶ ነው፣ ይሄን ማለት ይከብዳል?»

«ሃያ ቤት ብቻ ነው አሉ» አለች እናቷ። «እኛ ሃያ አንደኛ ብንሆንስ? አንቺንና ወንድምሽን ምን ላበላ ነበር? ንገሪኛ፣ አዋቂዋ።»

 የእናቷ እውነት ራዲዮን ይበልጥ አናደዳት። በሩን በእግሯ ገፍታ ወጣች፤ ከዚያ ደፉ ላይ ቆመች።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች ሳትዞር። «እኔ ያልኩትን። አንቺ ዝም ያልሽውንም።»

 እናቷ ከውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ መልሳ ዘረጋችው።

«ነገ ገበያ አብረን እንወርዳለን» አለች። «ዘሩን እኔ እከፍላለሁ። አንቺ የተናገርሽውን ግን እኔ አልከፍልልሽም።»

«ዝም ያልሽውንስ?»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

የገንዘቡን መምጣት ገበያው ከባለቤቶቹ ቀድሞ ሰምቷል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጣሳ በሚገዛው ገንዘብ ዛሬ አንድ ጣሳ ነው።

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ሁሉም ጨመረ'ኮ» አለ ዘር ሻጩ።

«የጨመርከው አንተ ነህ» አለችው ራዲዮ።

«ይቺ ልጅ ደግሞ ዳኛ ናት እንዴ?»

እነሱም ለራሳቸው መዝራት አለባቸው። የዘሩ ድርሻ አልበቃም። እናቷ ከፍየሉ ድርሻ አወጣች፤ እሱም አልበቃም። ከጫማው ድርሻ ስታወጣ ራዲዮን አላየቻትም። ራዲዮ ጆንያውን ተሸከመች።

ልብስ ሰፊዋ ቤት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። ሴትዮዋ የራሷን የድሮ ቀሚስ እየተረተረች ነበር። ራዲዮ ጆንያውን አወረደች፤ አፏ ደርቋል። ሲያወራ ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ቃል ማውጣት ከባድ ነው።

«እትዬ፣ የተሻለ ኑሮ አላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ዘር ሰጡን ብዬ ነገርኩት።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የራዲዮን እናት አየች።

«እኔም እዚያው ነበርኩ» አለች የራዲዮ እናት። «ጥያቄው ገብቶኝ ነበር። ዝም አልኩ።»

«እንግዲያ ያሰረዘኝ መስጠቴ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ፊቷ ጠቆረ። «ያን ቀን በሬን ብዘጋባችሁ ኖሮ ትናንት ሰልፉ ላይ ስሜ ይጠራ ነበር።» ወደ ራዲዮ ዞረች። «ለእኔ መንገር ቀላል ነው፣ አንቺ ልጅ። የሚቀጥለው ክፍያ መቼ ነው?»

«ከሁለት ወር በኋላ።»

«ለዚያ ለመስታወት ነካኪ ትነግሪዋለሽ? ሰልፉ ፊት?»

ራዲዮ ወደ እናቷ አየች። እናቷ እሺም እምቢም አላለችም። ብቻዋን ነች።

«እነግረዋለሁ።»

«የእናንተን ቤት ቢሰርዝስ?»

«ይሰርዝ። እነግረዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ «አይዞሽ» አላለቻትም። ተነስታ ከጆንያው አንድ ፍሬ አወጣች፣ በጥርሷ ሰበረች፣ መድረቁን አየች። ከዚያ ጣሳዋንና ባዶ ጆንያ አምጥታ ጣሳውን ለራዲዮ ሰጠቻት።

«ስፈሪ።»

ራዲዮ እየቆጠረች ሰፈረች። እናቷ እማኝ እንደቆመ ሰው እጇን አጣምራ ታያለች። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ «ሙሉ አድርጊው» አለች። ራዲዮ አሥረኛውን ጣሳ ሞላች፣ አፉን በመዳፏ ደልድላ አስተካከለችው፣ ገለበጠችው።