ነጩ መስኮት

ሠዓሊው ከደረጃው ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ብሩሹን እንደጨበጠ ነው። ጫፉ ገና አልደረቀም።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየውና ቀና አለ። ሃያ ዓመት ሬሳ ሲያይ ኖሯል፤ ሃያ ዓመትም እዚያው ማዕረግ ላይ ተቸክሏል። የትናንት ተማሪ ግን ዲግሪውን ይዞ መጥቶ አለቃው ሆኗል።

"ዘበኛው ነው፤" አለ አለቃው፣ ሬሳው ሳይነሳ። "ባዶ ሕንፃ፣ አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ። ይኼ ደግሞ ምን ምርመራ ይፈልጋል? ዛሬውኑ ዝጋልኝ።"

ሽማግሌው ዘበኛ እጁን ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል።

የሰፈሩ ሰው ሟቹን "ሟርተኛው" ይለው ነበር። ያረጀ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ በውሃ ቀለም ይስላል፤ ወር ሳይሞላ ያ ቤት ይፈርሳል። ሊፈርስ የተቃረበውን መርጦ እንደሚስል ማንም አላሰበም። ስሎ ያፈርሳል ነው የሚሉት።

መርማሪው ፎቅ ወጣ። ሥዕሉ በመስኮቱ አጠገብ እንደተወጠረ ቆሟል። ከማዶ ያለው አሮጌ ቤት ነው፤ ሦስት መስኮት አለው። የግራውና የቀኙ ጠቆር ብለው ውሃ ውሃ ይላሉ። የመሐሉ ድፍን ነጭ ነው። ብሌኑ የጠፋ ዓይን ይመስላል፤ ግን ያያል። መርማሪው ሳያስበው ማጅራቱን አሸት አደረገ።

የቀለም ሳጥኑን ይዞ ወደ ዘበኛው ወረደ።

"አባባ፣ እዚህ ውስጥ ነጩ የታለ?"

"ነጭማ የለውም፣ ጌታዬ። አንዴ ብጠይቀው፣ 'ነጩ ወረቀቱ ነው፤ ሳልነካ የምተወው' አለኝ። ስቄበት ነበር። ባልሠራው ሥራ የሚኮራ ሰው አይቼ አላውቅማ!"

"ዛሬ ማን ገባ?"

"በእኔ በር ማንም። በጓሮ በኩል አጥሩ ፈርሷል ብዬ ስንቴ አመለከትኩ! ማን ሰምቶኝ?"

"እኔንስ ማን ሰምቶኝ ያውቃል፣ አባባ?"

ተመልሶ ወጣና ነጩን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫረው። ወፍራም ነው፤ ተለጠፈበት። የግድግዳ ቀለም።

ከማዶ ባለው ቤት የሚኖረው ደግሞ ግድግዳ ቀቢ ነው፤ ከአሮጊት እናቱ ጋር። አስጠራውና ጥፍሩን አየ።

"ጥፍሬ ነጭ ነው ብለህ ነው?" ሲል ሳቀ ቀቢው። "ያንተም እኮ ነጭ ነው!"

መርማሪው ሥዕሉን አንስቶ ብርሃን ፊት ያዘው። ከነጩ ሥር ጥላ ብቅ አለ። ሻሽ ያሰረች፣ አገጯን በመዳፏ የደገፈች ሴት።

ሳቁ ከቀቢው ፊት ላይ ጠፋ።

"እናትህን ለምን አጠፋሃት?"

"አላጠፋኋትም! አወጣኋት እንጂ!" ጮኸ። "ቤቱስ ይፍረስ፣ ምን አባቱ! እሷን ግን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሳላት። አብራ ትፍረስ? እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። 'ያየሁትን ነው የምስለው' አለኝ። ውሃ ሊቀይር ዞር ሲል መስኮቱን ቀባሁት። ተመልሶ ሲያይ እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለኝ፤ ብሩሹን እየነቀነቀ። 'እንደገና እስላታለሁ' አለኝ።"

ቀቢው ወደ ደረጃው ተመለከተ።

"ገፋሁት።"

ዘበኛው ተፈታ። አለቃው "ጎበዝ" እንኳ አላለም፤ ሪፖርቱ ላይ የራሱን ስም ጻፈ።

መርማሪው የሟቹን ሥዕሎች ለማስረከብ አንድ በአንድ አገላበጠ። ሁሉም ዛሬ የሌሉ ቤቶች ናቸው። የመጨረሻውን ወረቀት ገና ቀለም አልነካውም፤ በእርሳስ ብቻ ተነድፏል። የተጣመመ የቆርቆሮ አጥር፤ የተሰነጠቀ ደረጃ፤ ልብስ የምታሰጣ ሴት።

የራሱ ቤት። የራሱ ሚስት።

"ላጲስ አለህ?" ሲል አለቃውን ጠየቀው።

"ሪፖርት በእርሳስ ትጽፋለህ እንዴ፣ ሰውዬ?" ብሎ ሳቀበት።

መርማሪው ጀርባውን ሰጥቶት አውራ ጣቱን በምራቁ አራሰ። ነጩ ቀለም ገና ከጥፍሩ አልለቀቀም።

ከሚስቱ ጀመረ።