«ይታያል?»

ዌንደል ስትራውድ ጋራዡ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ደረቱን ተመትቶ ተገኘ። ትልቁ ሽጉጡ ቀኝ እጁ ላይ ነበር፤ ባዶው የቆዳ አፎትም ቀበቶው ላይ ተሰክቷል። ጁላይ ነው፤ የኦክላሆማ ሙቀት ሬሳ አያሳድርም። መጀመሪያ ያየው ጎረቤቱ ደብ ላሳተር ነው። ፖሊሶቹ ከበር ላይ ቆመው «ራሱን ነው የገደለው» አሉና ወረቀት መሙላት ጀመሩ። እንዲህ ያለው ሞት እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም።

መርማሪዋ ኦዴት ኪምብሬል ግን ከሟቹ ጋር ቀጠሮ ነበራት። ጠዋት ደውሎ «ስለ ደብ ልጅ የማውቀው አለ፤ ከሰዓት መጥቼ እናገራለሁ» ብሏታል። የደብ ልጅ ባለፈው ኖቬምበር፣ በአጋዘን አደን ወቅት፣ ጫካ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ነው የሞተው። ተኳሹ አልታወቀም።

ኦዴት ተንበርክካ የዌንደልን ካናቴራ ገለጠች። ከቦርጩ ሥር፣ ሱሪው ውስጥ፣ ጥይት የጎረሰ ሌላ ትንሽ ሽጉጥ ተሸጉጧል። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አጠገቧ ላለው ፖሊስ «ይህን ለማንም እንዳትተነፍስ» አለችው።

የሟቹ ሚስት ኖሪን ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ከምትሠራበት የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ጠርተው አምጥተዋት፣ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«ወይዘሮ ኖሪን፣ ጠዋት እንዴት ተለያያችሁ?»

«ተጣልተን። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቷል፤ ምን ሆነህ ነው ስለው ዝም። ዛሬ ሞላብኝና ‹ብትሞትም ግድ የለኝ› አልኩት። ሞተ።» አላለቀሰችም። «አታባብይኝ ልጄ። በእኔ ቃል ነው የሞተው?»

«ገና አላወቅኩም። ሽጉጥ ይይዝ ነበር?»

«ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ። ሱቅ ሄደን ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። እሱ ‹እጄ ሰፊ ነው፣ ትልቁ ነው የሚጨበጥልኝ› ይላል፤ እኔ ‹በካናቴራ ሥር እንደ እንቅርት ሊወጣ ነው፣ ትንሹን ያዝ› እላለሁ። ሻጩ ሰለቸውና ‹በቃ ሁለቱንም ውሰዱ› አለን። ትልቁ ለብርድ ነው፣ ካፖርት ሲደርብ። ሙቀት ሲመጣ ቁም ሳጥን ይገባል፤ ትንሹን ይይዛል።» ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገች፤ ምንም አልነበረበትም። «ጠዋት ጠዋት እዚሁ ቆሞ ይዞርልኛል። ‹ይታያል?› ይለኛል። ‹አይታይም› እለዋለሁ። ዛሬም ዞረ። ቀና ብዬ አላየሁትም።»

ደብ አጥሩ ጋ ቆሟል።

«ጋሽ ደብ፣ ዌንደል ሽጉጥ ይይዝ ነበር?»

«እኔ እንጃ። አሥራ አንድ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር አይቼበት አላውቅም። ሰውየው ካናቴራ ለባሽ ነው፤ የት ይደብቀዋል?»

«ቤቱ ገብተው ያውቃሉ?»

«ከጋራዡ አላልፍም። ኖሪን በጭቃ ጫማ ታስገባኛለች ብለሽ ነው?»

የዌንደል ታናሽ ወንድም ላይል የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው። ሁለት ሰዓት እየነዳ፣ እያለቀሰ።

«ወንድምህ የትኛውን ሽጉጥ ነበር የሚይዘው?»

«የትኛውን? ያለው ያ ትልቅ ሽጉጥ ነዋ! ከጎኑ ለይቶት አያውቅም። ‹ኖሪንን እንዲህ አቅፈህ ታውቃለህ?› እያልኩ እቀልድበት ነበር።»

«ስንት ጊዜ ትጠይቀዋለህ?»

«በዓመት አንዴ ነው። ለአደን፣ ኖቬምበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በማግስቱ ጠዋት ኦዴት ሦስቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበችና ትንሹን ሽጉጥ በላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይህ ሽጉጥ በዌንደል ሱሪ ውስጥ ነበር» አለች። «መሞት የፈለገ ሰው፣ ሆዱ ላይ ሽጉጥ እያለ፣ ከቁም ሳጥን ሌላ አያመጣም። ቢያመጣ እንኳ አፎቱን ቀበቶው ላይ አይሰካም። አፎቱን የሰካው ሌላ ሰው ነው፤ ዌንደል ከጎኑ መዝዞ ራሱን የተኮሰ እንዲመስል። ያ ሰው ትልቁን የዌንደል የዘወትር ሽጉጥ ነው ብሎ ያምን ነበር።»

ኦዴት ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው።

«ወይዘሮ ኖሪን በሙቀት የትኛውን እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ አይሳሳቱም። ጋሽ ደብ ከጋራዡ አያልፉም፤ ሽጉጥ መያዙንም፣ ቁም ሳጥኑንም አያውቁም። አንተ ግን፣ ላይል፣ የቤት ሰው ነህ፤ ቁም ሳጥኑን ታውቃለህ፣ ወንድምህን ግን ከነካፖርቱ ብቻ ነው የምታውቀው። በጁላይ የኖቬምበሩን ሽጉጥ አስጨበጥከው።»

ላይል ትንሹን ሽጉጥ አየው። «ይሄ እንዳለው አልነገረኝም» አለ፤ የተታለለ ሰው ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ተሰበረ። «አጋዘን መስሎኝ ነው ልጁን የተኮስኩት! ስምንት ወር ደብቆልኝ፣ ትናንትና ‹ልናገር ነው፣ ደብን ማየት አቃተኝ› ብሎ ደወለልኝ። ለመንኩት እኮ...»

ደብ ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አልተሳደበም፣ እጁን አላነሳም። ስምንት ወር የጠበቀውን ስም ሲሰማ የሚያደርገው ጠፋው።

ላይልን ይዘውት ወጡ። ኖሪን የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀች።

«ታዲያ በእኔ ቃል አይደለም?»

«አይደለም። ለመሞት ሳይሆን እኔ ዘንድ ሊመጣ ነበር የተዘጋጀው።»

ኖሪን እፎይታው እስኪመጣላት ጠበቀች። አልመጣም። ሽርጧ አሁንም ወገቧ ላይ ነበር።

«ትንሹ... ካናቴራው ሥር ይታይ ነበር?»

«ኧረ። እስክገልጠው ድረስ እኔም አላየሁትም።»

ኖሪን ቀና ብላ፣ ባሏ ጠዋት ጠዋት ቆሞ የሚዞርበትን ቦታ አየች።

«አይታይም» አለችው።