መግቢያ እና መሰናበቻ

«ይሄ ፖስተር የኔ ነው» አለች ኑሰይባ፣ ስልኳን ወደ አፍራህ እያዞረች።

የእረፍት ደወል ገና መደወሉ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ስልክ ክልክል ስለሆነ ሁለቱም ከቤተ ሙከራው ጀርባ ተሸጉጠው ቆመዋል። አፍራህ ስክሪኑን በሁለት ጣቷ አስፍታ አየችው። ቢጫ መደብ ላይ ክራር ያቀፈ ትንሽ ልጅ አለ። ከላይ «ልጅዎን በሙዚቃ እናግዝ» ይላል፤ ከታች የባምቢስ ሰፈር አድራሻና ስልክ ቁጥር ሰፍሯል።

«ፖስተር ሁሉ ይመሳሰላል እኮ» አለች አፍራህ።

«የልጁን ጣት ቁጠሪ።»

አፍራህ ቆጠረች። «ስድስት ነው። ኤአይ ነው እንዴ የሠራው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ቸኩዬ ነበር።»

አፍራህ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አመለጣት። ኑሰይባ ግን አልሳቀችም። የሰው ሥራ የሚሰርቅ ሰው ቢያንስ ስሕተቱን ያርማል። ራሕዋ ለሱ እንኳ አልደከመችም፤ አድራሻውንና ስልክ ቁጥሩን ብቻ ቀይራ ለጠፈችው።

ራሕዋ ከኑሰይባ እናት ከሳዲያ ጋር ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት። ሳዲያ ድሮ ነርስ ነበረች። በኋላ በኢንተርኔት ተምራ የሙዚቃ ሕክምና ጀመረችና ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራየች። መናገር የሚያስቸግራቸውን፣ ግርግር የሚያስደነግጣቸውን ልጆች ትረዳለች። እሷ ክራር እየመታች ስትዘፍን ራሕዋ ከበሮውን ትይዛለች። ከልጆች ጋር እንዲያ የሚቀናት ሳዲያ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ግን ሳታጠና ፈተና የገባች ተማሪ ትመስላለች። ስለዚህ የኢንተርኔቱ ጣጣ በሙሉ ኑሰይባ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ወላጆች የሚሞሉትን ፎርም በጉግል አዘጋጀች፤ ቀጠሮውን ካላንደር ላይ አስገባች፤ የቴሌግራም ቻናል ከፈተች። ፖስተሩን በካንቫ መተግበሪያ ሠራች። የእናቷን ዘፈኖች በስልክ ቀድታ በነጻ አፕ እየቆረጠች አጸዳች። የትኛው ነገር በነጻ እንደሚገኝ፣ የትኛው ኔትወርክ ሲደክም እንደማይሠራ አንድ በአንድ ታውቃለች። እናቷ «የአይቲ ክፍል ኃላፊዬ» ትላታለች። ቀልድ መሆኑ አልጠፋትም፤ ቢሆንም ትኮራበት ነበር።

ከዚያ ክፍሏ ያለችበት ሕንፃ ለልማት ተነሣ። ሳዲያ «ሌላ ቦታ እስካገኝ ሦስት ሳምንት ታገሡኝ» ብላ ለወላጆቹ ጻፈች። ሦስቱ ሳምንት ሳይሞላ ራሕዋ ባምቢስ የራሷን ክፍል ከፈተች፤ ስድስቱም ልጆች ወደ እሷ ሄዱ። ለወላጆቹ ምን እንዳለቻቸው ኑሰይባ የሰማችው ከአንዷ እናት ነው። «ሳዲያ እኮ ሥራውን ትታዋለች» ነበር ያለቻቸው። ኑሰይባ ያን ቀን በንዴት ምሳዋን አልበላችም።

«እናትሽ ታውቃለች?» አለች አፍራህ ፖስተሩን እያየች።

«ብታውቅ ምን ታደርጋለች? ‹ተዪው› ነው የምትለኝ። እኔ ግን አልተውም።»

የመበቀያውን መንገድ ያገኘችው የዚያኑ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ጎተራ በሚሄደው ታክሲ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተጣብቃ ተቀምጣ፣ ከፖስተሩ ሌላ ምን እንደተወሰደ ለማየት የጉግል ድራይቯን ከፈተች። የዘፈኖቹ ፎልደር ውስጥ እሷ ያላስቀመጠችው አንድ ፋይል ነበር፤ «የቅዳሜ ቀጠሮ» ይላል። የጨመረችው ራሕዋ ናት።

ኑሰይባ መጀመሪያ ምኑም አልገባትም። ሲገባት ታክሲው ውስጥ ብቻዋን ፈገግ አለች። ራሕዋ ፎልደሩን ወደ ራሷ አልገለበጠችም። አሁንም ታብሌቷ ላይ ድሮ በተላከላት ሊንክ እየገባች ነው ዘፈኖቹን የምታጫውተው። ፎልደሩ የማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ ካዛንቺስ እያሉ «ኑሲ አስተካክላዋለች» ሲባል ነገሩ ያልቅ ነበራ። የፎልደሩ ባለቤት ደግሞ ኑሲ፣ ማለትም ኑሰይባ ራሷ ናት።

ፎልደሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ዘፈን አለ። አንዱ መግቢያ፣ ሌላው መሰናበቻ ይባላል። ሁለቱም የልጁን ስም ይጠራሉ፤ ሁለቱንም የዘፈነችው ሳዲያ ናት። መግቢያው ሲጀምር ልጁ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። መሰናበቻው ሲሰማ ጫማውን አድርጎ ይወጣል። ሳዲያ ይህን ሥርዓት አንድም ቀን አዛንፋ አታውቅም። «እነዚህ ልጆች ውጭ ያለው ነገር መቼ እንደሚለዋወጥባቸው አያውቁም፤ እኛ ጋ ሲመጡ ግን ማወቅ አለባቸው» ትል ነበር።

ራሕዋ ሳዲያን በሕይወት እያለች ከሥራ አስወጥታ፣ በሳዲያ ድምፅ ትሠራለች። ኑሰይባ ይህን ስታስብ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ታክሲው ጎተራ ሳይደርስ የስድስቱንም ልጆች ፋይሎች ስም አቀያይራ ጨረሰች። መግቢያ የነበረው መሰናበቻ ሆነ፤ መሰናበቻ የነበረው መግቢያ። ሥራው አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

ለአፍራህ በቴሌግራም ጻፈችላት። አፍራህ ስድስት የሳቅ ምልክት ላከችና «ቅዳሜ ሄደን ማየት አለብን። በቃ፣ እንዳታስቀሪብኝ» አለች።

ዓርብ ከሰዓት ሳዲያ ሳሎን ተቀምጣ ላፕቶፑ ላይ ታፈጣለች። አንድ ክሊኒክ ነርስ ይፈልጋል፤ ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው።

«ኑሲ፣ እስቲ ነይ። ‹የሥራ ልምድ› የሚለው ጋ ስደርስ አላሳልፍ አለኝ።»

ኑሰይባ አጠገቧ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። «የሙዚቃ ሕክምና፣ ሁለት ዓመት…»

«እሱን ተዪው» አለች እናቷ። «ነርስነቱን ብቻ ጻፊ።»

«ለምን?»

«አልቋላ።»

ሳዲያ ይህን ያለችው ዝግ ባለ ድምፅ ነው፤ አላለቀሰችም፤ ፊቷም አልተለወጠም። ብታለቅስ ለኑሰይባ ይሻላት ነበር። የጻፈችውን መስመር አንድ ፊደል በአንድ ፊደል አጠፋችው፤ ባጠፋች ቁጥር ራሕዋን ትረግማለች።

«ነገ የሙዓዝ ቀን ነበር» አለች ሳዲያ፣ ለራሷ የምታወራ ያህል። «ጫማውን አውልቆ እንዲቀመጥ ብቻ አራት ወር ፈጀብን። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይላታል። ሙዓዝ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ አይናገርም። መጀመሪያ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኽ ነበር። ኑሰይባ ስልኳን አነሣች። የሱን ብቻ ልመልሰው ይሆን ብላ አሰበች። ከዚያ ደግሞ በቅዳሜው ቀጠሮ የመጀመሪያው ተራ የሱ እንደሆነ አስታወሰች። የሱ ከተመለሰ ራሕዋ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር አታይም፤ እሷ ደግሞ ያን ፊት ማየት ፈልጋለች። ስልኩን አስቀመጠችው። «ራሕዋ ትቻለው» አለች በልቧ፣ «ሥራውን እችላለሁ ብላ አይደል የወሰደችው?»

ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሁለቱ ጓደኛሞች ባምቢስ፣ ከራሕዋ ሕንፃ ማዶ ያለ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ነበሩ። አፍራህ አቮካዶ አዘዘች፤ ኑሰይባ የሚበላም የሚጠጣም ነገር አላሰኛትም። ሙዓዝ የእናቱን እጅ ይዞ መጣና ወደ ሕንፃው ገባ። በቀይ ሹራቡ ላይ ጩኸት የሚከላከል ትልቅ የጆሮ መከለያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለች አፍራህ።

«ወዲያው ነው።»

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሙዓዝ ጫማውን አጥልቆ፣ ማሰሪያው እየተጎተተ ብቻውን ከደረጃው ወረደ። እናቱ ከኋላው ደረሰች። ከእናቱ ኋላ ራሕዋ ታብሌቱን እንደያዘች፣ በባዶ እግሯ። ፊቷ ኑሰይባ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠብቀው እንደነበረው ነው፤ ግራ የገባት፣ የደነገጠች፣ ምን እንደምታደርግ ያላወቀች። ኑሰይባ ደስ አላት። እውነት ደስ አላት።

«ኧረ እያት እያት» አለች አፍራህ። «ሙድ ያዝሽባት እኮ።»

ራሕዋ ጎንበስ ብላ ታብሌቱን ነካች። መንገዱ ማዶ ድረስ የሳዲያ ድምፅ ተሰማ፤ ትክክለኛው መግቢያ ነው። ፋይሎቹ መቀያየራቸውን ደርሳበታለች ማለት ነው። ለሙዓዝ ግን የደረሰችበት ዘግይታ ነው። ሂድ ከተባለ በኋላ ግባ ሲባል የሰማ ልጅ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና መከለያውን ጆሮው ላይ ደፋ። አውራ ጣቱን ነክሶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ጮኸ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማየት ጀመረ። አንዱ ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው።

የአፍራህ ሳቅ ተቋረጠ። «ኑሲ፣ መልሺው።»

ኑሰይባ ስልኳን አውጥታ ስሞቹን በሙሉ መለሰቻቸው። ስትቸኩል ሁለቴ ተሳሳተች። ስትጨርስ ቀና አለች። ሙዓዝ አሁንም ይጮኻል። የመለሰችው ፋይል ለሱ ምንም አላደረገለትም።

«በቃ፣ መለስሽው አይደል? ማንም አያውቅም» አለች አፍራህ ቦርሳዋን እያነሣች። «ላሽ እንበል።»

ኑሰይባ ተነሥታ ወጣች፤ ወደ ታክሲው ሳይሆን መንገዱን ተሻገረች። አፍራህ «የት ነው?» ስትል ሰምታታለች።

ራሕዋ ስታያት ዓይኗ በራ። «ኑሲ። እሰይ፣ አንቺን ነው የምፈልገው። ማለቴ… ታብሌቱ ምን ሆኖ እንደሆነ አላውቅም፤ ዘፈኖቹን አደበላለቀብኝ። አፑ ሲታደስ ነው መሰለኝ። አይደል? እስቲ እይልኝ።»

ውሸቱን ራሕዋ ራሷ አዘጋጅታ ሰጠቻት። ኑሰይባ አዎ ብትል ይበቃል። እንደውም አመስግነው ይሸኟታል።

«አፑ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ የቀየርኩት። ሐሙስ ዕለት።»

ራሕዋ ታብሌቱን ወደ ደረቷ ሳበችው። «ምን አልሽ?»

«ፎልደሩ የኔ ነው፣ ፖስተሩም የኔ ነው፣ ድምፁ የኡሚ ነው። ሥራውን ትታዋለች ብለሽ ዋሽተሽባታል። አንቺን ይቅርታ አልጠይቅም።» እንዲህ አልነበረም ልትላት ያሰበችው።

የሙዓዝ እናት ልጇን ከኋላ አቅፋ ከደረጃው ጋር እንዳይጋጭ ጭንቅላቱን ይዛለች። ቀና ብላ ኑሰይባን አየቻት። ካዛንቺስ እያሉ ስትመጣ ከረሜላ የምትሰጣት ሴት ናት።

«ከሷ ጋር ያለሽን ተዪው» አለች። «ከሱ ጋር ምን ጥል አለሽ?»

ሐሙስ ታክሲው ውስጥ ለዚህ መልስ ሞልቶ ነበር፤ ዓርብም አልጠፋም።

«የለኝም» አለች። «እርስዎንም እሱንም ነው የበደልኩት።»

ሴትየዋ ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። ይቅር አላለቻትም። የሙዓዝ አውራ ጣት ላይ ደም ታይቷል፤ እናቱ እጁን ከአፉ ለማውጣት ትታገላለች፤ ራሕዋ ልትረዳ ስትጠጋ ደግሞ ጩኸቱ ይብሳል። ኑሰይባ ይህን ልጅ በዚህ ሁኔታ ማስተኛት፣ ማስቀመጥ፣ ማረጋጋት የሚችል አንድ ሰው ታውቃለች። እናቷ አሁን ጎተራ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከክሊኒኩ መልስ ትጠብቃለች። ከራሕዋ ጋር ከተነጋገረች ሁለት ወር ሆኗታል። ልጇ ይህን ትሠራለች ብላ ደግሞ በሕልሟም አታስብም።

ራሕዋ ኑሰይባ የምትደውልበትን ቁጥር ከጎኗ ሆና አየችው። «እሷን እንዳትጠሪያት» አለች ቀስ ብላ። «እባክሽ፣ ኑሲ። እዚህ፣ ሰው ፊት…»

ኑሰይባ ጀርባዋን ሰጠቻት። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ወዬ፣ የኔ ልጅ» አለች ሳዲያ።

«ኡሚ፣ ባምቢስ ነኝ። ሙዓዝ ታሟል፣ ኮንትራት ታክሲ ያዢና ነይ።» የእናቷ ቁልፍ ሲንቃጨል፣ ወንበር ሲገፋ ሰማች። «ቆይ፣ አትዝጊው። እስክትደርሺ የሠራሁትን ልንገርሽ።»