«የእየሩስ ጆሮ የመሰከረለት»

መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ኢዩኤልን አሳፈርኩት። እኔ እየሩስ፣ ፒያሳ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን እቀዳለሁ። እሱ ደግሞ በእጁ የሠራትን ጥቁር የብረት ሳጥን ይዞ መጣ። ዘፈኑን ከኮምፒውተር ተቀብላ ለስፒከር የምታቀብል ናት። ሰማኋት።

«ትዋሻለች» አልኩት።

«ምን ብላ?»

«ዘፋኟ ሳትጀምር ተንፍሳለች። ሳጥንህ ትንፋሿን በልታዋለች።»

ሳይከራከር ይዟት ሄደ። በሳምንቱ አስተካክሏት ተመለሰ። የወደድኩት ያን ቀን ነው፣ እውነቱን ልናገር። ስህተቱን ሲነግሩት የማያኮርፍ ወንድ ስንት አለ?

ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። እሱ ይሠራል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የትኛው አዲስ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ሳላይ አዳምጬ እፈርዳለሁ። በመሃል ማኪያቶ፣ በመሃል ሳቅ፣ በመሃል... ታውቁታላችሁ።

ግን የከተማው ስቱዲዮ ስንት ነው? ሁሉም አንድ አንድ ገዝቶ ጨረሰ። «ከእንግዲህ ለየቤቱ ነው የምሠራው» አለኝ። ደስ አለኝ። እናቴ ሙሉነሽ በወጣትነቷ ውቤ በረሃ ዘፍናለች። የቀራት አንድ ካሴት ነው፣ እሱንም እኔ ወደ ዲጂታል ገልብጬላታለሁ። ቤቷ ተቀምጣ ራሷን በደህና ዕቃ እንድትሰማ ነበር ምኞቴ።

ከወር በኋላ በገብረአብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሳልፍ ደርቄ ቀረሁ። የኢዩኤል አዳዲስ ሳጥኖች መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። በላያቸው በወርቃማ ፊደል «የእየሩስ ጆሮ የመሰከረለት» ይላል።

የእኔ ጆሮ? አንዱንም አልሰማሁትም! ገብቼ የእማዬን ዘፈን ከስልኬ በአንዱ ሳጥን ከፈትኩ። ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ድም ድም ይላል፣ የእናቴ ድምፅ ከሥሩ ተደፍቋል። ደሜ ፈላ።

ኢዩኤል ከውስጥ እየሳቀ ወጣ። «አየሽው? ሰርፕራይዝ እኮ ነው!»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ላከብርሽ ብዬ...»

«ሳልሰማ አስመሰከርከኝ! በሐሰት! ይሄ ነው ማክበር?»

«ደንበኛው ሁሉ ‹ቤዝ የለውም› ይላል፣ እየሩስ። እዚሁ ቆሜ አብሬያቸው ሰምቻለሁ፣ እውነታቸውን ነው። የቤት ሰው ሞቅ ያለ ይወዳል።»

«ለስቱዲዮ እውነት፣ ለቤት ሰው ቅጥፈት? የቤት ሰው ጆሮ የለውም?»

ይህን ስል በሩ ላይ የቆመ ሚኒባስ ታክሲ ሞተሩን አስጓራ። ያ ሁሉ ቤዝ ጠፋ! ያኔ ገባኝ።

«አንዱን አንሣና ተከተለኝ» አልኩት።

እማዬ ቤት ወሰድኩት። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ስለሆነ መኪና አይደርስበትም። ዘፈኑ ሲጀምር የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችና፣

«ኧረ ልጄ፣ እኔ የት ሄድኩ?» አለችው።

ኢዩኤል ፊቱ ተለዋወጠ። ሦስት ጊዜ መላልሶ ከፈተው።

«ታክሲው ነው» አለ በመጨረሻ። «ሱቁ በር ላይ የታክሲው ጩኸት ቤዙን ሲውጠው፣ እኔ ስጨምር... ለመንገድ ነው የሠራሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ።»

«የእኔስ?» አልኩት። አለቀስኩ፣ አዎ፣ ከንዴት ብዛት! «ቤዙስ ስህተት ነው ልበል። ስሜን ግን እያወቅክ ነው የጻፍከው። አንዴ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ሳጥኑን ይዞ ወጣ።

አሥራ አምስት ቀን ስልኩን አላነሳሁም። ገብረአብ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «የተሸጠውን ሳይቀር ከየሰዉ ቤት እየሰበሰበ ነው። አብዷል!» አለኝ። ይበለው አልኩ። ናፍቆኝም ነበር፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን እማዬ ቤት ድረስ መጣ። ሳጥኑ ላይ ያለው ወርቃማ ጽሑፍ ተፍቆ ጭረቱ ብቻ ቀርቷል። ከፈተው። እማዬ ትንሽ አዳመጠችና ከወጣትነት ድምፅዋ ጋር አብራ ማንጎራጎር ጀመረች።

«እየሩስ፣ አሁን ስምሽን ልጻፍበት?» አለኝ።

«አይሆንም። ጆሮዬ ማስታወቂያ አይደለም!»

«እሺ።» አልተከራከረም። ከሳጥኑ ወደ እኔ ዞረ። «ሌላም ልጠይቅሽ? እዚሁ፣ እማማ ፊት... ታገቢኛለሽ?»

እማዬ ዘፈኑን አጠፋችው። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር። ግን ጠየቀኝ!

«አገባሃለሁ» አልኩት። «የጥሪ ካርዱን ግን ሳይታተም አየዋለሁ!»